የቪአር መነጽር ለቤት፦ ከመግዛት ወይም ከመቀበል በፊት

ውጭ ያለ ዘመድ ለበዓል ሊመጣ ሲል «ምን ይዤላችሁ ልምጣ?» ብሎ ይደውላል። በፊት መልሱ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ነበር። አሁን ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ «የቪአር መነጽር» የሚል ድምፅ ከጓዳ ይሰማል። እዚህ ደብረ ብርሃን ቴክኖሎጂ ያውቃል ለተባለ ሰው የሚቀርበው ጥያቄ ያው ነው፦ እውነት ይሠራል? የትኛው ይሻላል? ለእኛ ቤት ይሆናል?

ብዙው ሰው መልሱን የሚፈልገው ሳጥኑ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ነው፤ ስክሪኑ ስንት ነው፣ ፕሮሰሰሩ ምንድን ነው፣ ስንት ጊጋ ይይዛል። ቁጥሮቹ ጥቅም አላቸው። ነገር ግን ስልክ የትም ቢወስዱት ያው ስልክ ነው፤ ይህ ዕቃ ግን የክፍሉን ስፋት፣ የግድግዳውን መልክ፣ የአምፖሉን ብርሃን፣ የአየሩን ቅዝቃዜና የሚያጠልቀውን ሰው ፊት እያየ የሚሠራ ነው። ስለዚህ ዕቃውን ከመገምገም በፊት ቤቱን መገምገም ይቀድማል። እኔ እስከማየው ድረስ፣ ተገዝቶ ብፌ ውስጥ የሚቀረውን መነጽር በየቀኑ ከሚጠለቀው የሚለየው ይኸው ነው።

«ራሱን የቻለ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ቪአር፣ ምናባዊ እውነታ የሚባለው፣ በኮምፒውተር የተሠራን ዓለም ውስጡ የገባን እስኪመስለን ድረስ የሚያሳይ ቴክኖሎጂ ነው። በዚህ ስም የሚሸጡት ዕቃዎች ሦስት ዓይነት ናቸው፤ ግራ መጋባቱ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

በስልክ መለዋወጫ ሱቅ በርካሽ የሚገኘው ስልክ የሚሰካበት ፕላስቲክ ነው። ከሁለት ሌንስ በቀር ውስጡ ምንም የለም፤ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ስልኩ ነው። ጉግል በ2014 ከካርቶን የተሠራውን ካስተዋወቀ በኋላ እንዲህ ያለው ዕቃ በዝቶ ነበር፤ ዛሬ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ትተውታል። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።) ሁለተኛው ከኮምፒውተር ወይም ከጌም ማጫወቻ ጋር በሽቦ የሚያያዘው ነው፤ ለምሳሌ የሶኒው ፕሌይስቴሽን ቪአር 2 የተሠራው ለፕሌይስቴሽን 5 ነው። ሦስተኛው ራሱን የቻለው ነው። ስክሪኑ፣ ፕሮሰሰሩ፣ ባትሪው፣ ድምፅ ማጉያውና ካሜራዎቹ ሁሉ በአንድ ዕቃ ውስጥ ገብተው ፊት ላይ ይጠለቃሉ። ኮምፒውተር አይፈልግም፣ ሽቦም አይጎትትም። ከዚህ በኋላ የምናወራው ስለዚህኛው ብቻ ነው።

በብዛት የሚታወቀው የሜታ ኩባንያ ኩዌስት ነው። የመጀመሪያው ኩዌስት በ2019፣ ኩዌስት 2 በ2020፣ ኩዌስት 3 በ2023፣ ኩዌስት 3ኤስ በ2024 ለገበያ ቀረቡ። ፒኮ 4 የሚባለው በ2022 ወጥቷል። አፕል በ2024 ያወጣው ቪዥን ፕሮ ሲጀመር ዋጋው 3,499 ዶላር ስለነበር ከቤት መዝናኛ ወሬ ውጪ ላድርገው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ኩዌስትን የጀመረው ኦኩለስ የሚባለው ኩባንያ ነው፤ ፌስቡክ በ2014 ገዛው፣ ፌስቡክ ራሱ ደግሞ በ2021 ስሙን ሜታ ብሎ ለወጠ። ስለዚህ «ኦኩለስ ኩዌስት 2» እና «ሜታ ኩዌስት 2» አንድ ዕቃ ናቸው። ሻጭ አንዱን አዲስ ሞዴል አስመስሎ ዋጋ ቢቆልል አይቀበሉት።

አንጎልን እንዴት ያሳምነዋል?

ሁለቱ ዓይኖቻችን በመካከላቸው 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቀት ስላለ ዓለምን የሚያዩት ጥቂት ከተለያየ አቅጣጫ ነው። አንጎል ይህን ትንሽ ልዩነት ወደ ጥልቀት ይተረጉመዋል፤ ቅርብና ሩቁን የምንለይበት አንዱ መንገድ ነው። መነጽሩም ለግራ ዓይን አንድ፣ ለቀኝ ዓይን ሌላ፣ በጥቂቱ የሚለያይ ምስል ያቀርባል። ስክሪኑ ከዓይን የሚርቀው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቢሆንም፣ መሐል ላይ ያለው ሌንስ ምስሉን ከአንድ ሜትር በላይ የራቀ ያስመስለዋል።

ይህ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ርካሹ ፕላስቲክም ይህን ያደርጋል። ትልቁ ነገር እንቅስቃሴ ነው። አንገትዎን ወደ ቀኝ ሲያዞሩ በመነጽሩ ውስጥ ያለው ዓለም እኩል ወደ ግራ መሸሽ አለበት። ይህን የሚያውቀው ስልክ ውስጥ ባለው ዓይነት ሴንሰር ነው። ወደፊት አንድ እርምጃ ሲራመዱስ? ሲያጎነብሱስ? ይህን ለማወቅ መነጽሩ ላይ ያሉት ካሜራዎች ክፍሉን ያያሉ። የበሩን መቃን፣ የፎቶ ፍሬሙን ጠርዝ፣ የመጋረጃውን አበባ፣ የሶፋውን ክንድ ምልክት አድርገው ይይዙና፣ እነዚህ ምልክቶች በካሜራው ዓይን ምን ያህል እንደተንሸራተቱ አስልተው ሰውየው የት እንደቆመ ያውቃሉ። ስሌቱ የሚካሄደው ሰው መዘግየቱን ልብ ሊለው በማይችለው ፍጥነት ነው፤ ስክሪኑም እንደ ሞዴሉ በሰከንድ ከ72 እስከ 120 ጊዜ ይታደሳል።

ስልክ የሚሰካበት ፕላስቲክ አንገት ሲዞር እንጂ እግር ሲራመድ አያውቅም። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ሰው ዋናው መልስ ይህ ነው።

ለምን ያዞራል?

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የወረደ ሰው ጣርማ በርን ያውቀዋል። ዋሻውን አልፎ መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር አውቶቡስ ውስጥ ሎሚ የሚያሸት፣ ፌስታል የሚጠይቅ አይጠፋም። የሆነው ይህ ነው፦ በውስጠኛው ጆሮ ያለው የሚዛን አካል እያንዳንዱን ኩርባ ይሰማዋል፤ ዓይን ግን ፊት ለፊት ያለውን የወንበር ጀርባ ስለሚያይ «አልተንቀሳቀስንም» ይላል። አንጎል ሁለት የሚጋጭ መልእክት ሲደርሰው ሆድ ይታወካል።

በቪአር የሚመጣው ማዞር ይኸው ግጭት ተገልብጦ ነው። ዓይን በረርኩ፣ ሮጥኩ፣ ታጠፍኩ ይላል፤ ጆሮ ግን ሳሎን ውስጥ እንደቆመ ያውቃል። ሹፌሩን መንገዱ የማያዞረው ኩርባው ከመድረሱ በፊት ስለሚያውቀውና ራሱ ስለሚያጥፈው ነው፤ በቪአርም በራስዎ እግር የሚራመዱበት ጨዋታ እምብዛም አያዞርም። የሚያዞረው ቆመው፣ በእጅ በሚያዘው መቆጣጠሪያ (ኮንትሮለር) ላይ ያለውን ትንሽ ዘንግ በአውራ ጣት እየገፉ «የሚሮጡበት» ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ሞክሮ «ለእኔ አይሆንም» ሲል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ምን ዓይነት ጨዋታ እንደተሰጠው ነው። ልጆች እንግዳ ሲመጣ አስደንጋጩን፣ ከገደል የሚወረወረውን መክፈት ይወዳሉ፤ ለጀማሪ ግን ከዚያ የባሰ ምርጫ የለም። የሜታ መተግበሪያ መደብር እያንዳንዱን ሥራ ምቹ፣ መካከለኛና ከባድ ብሎ ይመድባል። ለጀማሪ ምቹ የሚለውን ብቻ ይክፈቱ፤ ከተቻለም ተቀምጦ፣ ለጥቂት ደቂቃ። ግንባር ላይ ላብ ሲመጣ፣ ምራቅ ሲበዛ ወዲያው ማውለቅ ነው። «ይለምደዋል» ብሎ መታገል ነገሩን ያብሰዋል፤ ለሚቀጥለው ጊዜም ሰውነት ቂም ይይዛል።

በአውቶቡስ የሚታመም ሰው በቪአርም የመታመም ዕድሉ ሰፊ ነው። ከመግዛት በፊት በቤቱ ውስጥ ስንት እንዲህ ያለ ሰው እንዳለ መቁጠር ይጠቅማል።

ሳሎናችን ይበቃዋል?

እየተራመዱ ለመጫወት ሜታ የሚመክረው ባዶ ቦታ ቢያንስ 2 ሜትር በ2 ሜትር ነው። አንድ ቦታ ቆሞ ወይም ተቀምጦ ለመጠቀም ወደ ጎን እጅ የሚዘረጋበት ቦታ ይበቃል። በእኛ ሳሎን ሶፋው በሦስት ግድግዳ፣ ጠረጴዛው መሐል፣ ቴሌቪዥንና ብፌው በአራተኛው ነው። ጠረጴዛው ከተነሳ 2 በ2 ይገኛል፤ የማይነሳ ከሆነ ግን ዕቃው የሚያገለግለው ተቀምጠው ለሚያዩት ብቻ መሆኑን ከወዲሁ ማወቅ ነው። ሜትር ይዘው ይለኩት። በዓይን የተገመተ 2 ሜትር አብዛኛውን ጊዜ 1 ሜትር ተኩል ይሆናል።

መነጽሩ ሲጀመር በወለሉ ላይ ወሰን ያስምራል፤ ወሰኑን ሲያልፉ አጥር የመሰለ መስመር ይታያል ወይም የክፍሉ ምስል ይመጣል። ይህ ጥሩ ጥበቃ ነው፤ ሆኖም ወሰኑ ከተሰመረ በኋላ የገባን ነገር ሁልጊዜ አይቶ አያስጠነቅቅም። ረከቦትና የፈላ ጀበና ባለበት ክፍል ፊቱን የሸፈነ ሰው እጁን ሲወነጭፍ ምን እንደሚከተል መናገር አያሻም። ቡና ሲፈላ መነጽሩ ይቀመጥ። ከታናናሽ ልጆች አንዱ እየዳኸ የሚገባበት ቤት ከሆነም የሚያይ ሰው አጠገብ ይኑር። በዚህ በኩል ኩዌስት 3 እና 3ኤስ ከኩዌስት 2 ይሻላሉ፤ ክፍሉን በካሜራቸው በቀለም ስለሚያሳዩ ሳያወልቁ ዙሪያን ማየት ይቻላል። የኩዌስት 2 ጥቁርና ነጭ፣ ብዥ ያለ ነው።

ካሜራዎቹ ክፍሉን እያዩ ነው የሚሠሩት ብለናል። እንግዲያው ጨለማ ጠላታቸው ነው። አንድ ደካማ አምፖል ብቻ የበራበት ሳሎን ውስጥ መነጽሩ «ቦታዬን አጣሁ» ማለት ይጀምራል፤ ዓለሙ ይንሳፈፋል፣ እጅ ይጠፋል። ኩዌስት 3ኤስ የራሱ የማይታይ ብርሃን ስላለው በዚህ ረገድ ይታገሣል። ምንም ያልተሰቀለበት ነጭ ግድግዳም ያስቸግራል፤ ምልክት አድርጎ የሚይዘው ነገር ያጣልና። ትልቅ መስታወት ደግሞ ክፍሉን ሁለት አድርጎ ያሳስተዋል፤ በነጠላ ቢሸፈን ይበቃዋል። የኤሌክትሪክ መብራት ሳናየው በፍጥነት ይርገበገባል፤ የእኛ አገር ኃይል 50 ኸርዝ ሲሆን የአሜሪካው 60 ነው። ከአሜሪካ የመጣ መነጽር ማታ ማታ ቦታውን ከሳተ፣ በሴቲንጉ ውስጥ የካሜራውን ድግግሞሽ ወደ 50 ማድረግ አንዳንዴ ችግሩን ይፈታዋል።

ከሁሉ በላይ ግን ፀሐይ። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት የደብረ ብርሃን ሰው ወንበሩን አውጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ልጅም መነጽሩን ይዞ ቢከተል አይገርምም። እዚህ ላይ ፈጽሞ ቸልታ አያስፈልግም። የመነጽሩ ሌንስ አጉሊ መነጽር ነው። ፀሐይ በሌንሱ በኩል ከገባች ጨረሯ አንድ ነጥብ ላይ ተሰብስቦ ስክሪኑን ያቃጥለዋል፤ ለዚህም ረጅም ጊዜ አይፈልግም። የተቃጠለ ስክሪን አይጠገንም፤ ዋስትናም አይሸፍነውም። መስኮት ጠርዝ ላይ ሌንሱ ወደ ላይ ተደርጎ የተቀመጠም ያው ዕጣ ይገጥመዋል። ከተጠቀሙ በኋላ ሌንሱን የሚሸፍን ጨርቅ ማልበስና ከረጢት ውስጥ መክተት ይልመድባችሁ።

ብርዱና ሙቀቱ ያበላሸዋል?

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ባላነሰ ከፍታ ላይ ናት፤ ውርጭ በሚወርድባቸው ወራት ቤት ውስጥ የዋለ ዕቃ ሁሉ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ ሌንስ ከሞቀ ፊትና ከትንፋሽ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ወዲያው ጉም ይይዛል። ያጠለቀው ሰው ምስሉ የተበላሸ መስሎት ማስተካከያውን መነካካት ይጀምራል። ችግሩ ጉሙ ነው። መነጽሩን አብርቶ ሳያጠልቁ ለጥቂት ደቂቃ ማስቀመጥ ሌንሱን ያሞቀዋል፤ ሩጠው ወይም ደረጃ ወጥተው የገቡ ከሆነ ፊትዎ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅም ይረዳል። ከሰል ምድጃ አጠገብ ማሞቅ ግን ፕላስቲኩንም ባትሪውንም ይጎዳል።

በዚሁ በእኛው ዞን ባለችው ሸዋ ሮቢት ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚያ መነጽሩ ራሱ የሚያመነጨው ሙቀት ከቆላው ሙቀት ጋር ይደመራል። ውስጡ ማራገቢያ አለው፤ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ፍጥነቱን ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። ፊት ላይ ያለው ስፖንጅም ላብ ይጠጣል። ማለዳና ምሽት መጠቀም፣ መኪና ውስጥ አለመተው፣ የሚታጠብ የሲሊኮን ሽፋን ማልበስ ይሻላል።

ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሊጠቀምበት ይችላል?

ስልክ ለማንም እጅ ይሆናል፤ ይህ ግን በፊት ልክ ነው። በሁለቱ የዓይን ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት ከሰው ሰው ይለያያል፤ የአዋቂ አማካዩ 63 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሌንሶቹ ከዚህ ርቀት ጋር ካልገጠሙ ምስሉ ብዥ ይላል፣ ዓይን ይደክማል፣ ራስ ምታት ይመጣል። ኩዌስት 2 እና 3ኤስ ያላቸው ሦስት ቦታ ብቻ ነው፦ 58፣ 63 እና 68 ሚሊ ሜትር። ኩዌስት 3 ላይ ግን ትንሿን ጎማ በማዞር ከ58 እስከ 71 ድረስ በፈለጉት ላይ ይቆማል።

ልኬቱ ቤት ውስጥ ይቻላል። መስታወት ፊት ቆመው ሚሊ ሜትር ያለውን ማስመሪያ ቅንድብዎ ላይ ያስደግፉ። ቀኝ ዓይንዎን ጨፍነው የማስመሪያውን ዜሮ ከግራው ዓይን ብሌን መሐል ጋር ያስተካክሉ። ከዚያ ማስመሪያውን ሳያንቀሳቅሱ ግራውን ጨፍነው ቀኙን ይክፈቱና በቀኙ ብሌን መሐል ላይ የዋለውን ቁጥር ያንብቡ። የሁሉንም የቤት ሰው ልክ በወረቀት ጽፎ ሳጥኑ ላይ መለጠፍ በየጊዜው «ለእኔ ብዥ ይላል» የሚለውን ንትርክ ያስቀራል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ የሌንስ ጉዳይ አለ። ኩዌስት 2 እና 3ኤስ ያላቸው ፍሬኔል የሚባለው፣ ክብ ክብ መስመር ያለበት ሌንስ ነው። መሐሉ ጥርት ይላል፤ ዳሩ ይደበዝዛል። ጨለማ ትዕይንት ላይ ነጭ ጽሑፍ ሲመጣ ዙሪያው የብርሃን ጭረት ይታያል። ኩዌስት 3 ፓንኬክ የሚባለውን ሌንስ ስለሚጠቀም ከዳር እስከ ዳር ጥርት ያለ ነው፤ ስክሪኑም ለአንድ ዓይን 2064 በ2208 ነጥብ ሲሆን የ3ኤስ 1832 በ1920 ነው። ለጨዋታ ብቻ ከሆነ ልዩነቱ ብዙ አያስቆጭም። ለማንበብ፣ ለትምህርት፣ ፊልም ለማየት ከሆነ ግን ከቁጥሮቹ ሁሉ የሚሰማው ይህ የሌንስ ልዩነት ነው።

የእይታ መነጽር የሚያደርግ ሰው ፍሬሙን ይለካ። ለኩዌስት 2 የተነገረው ልክ ስፋቱ ከ142፣ ቁመቱ ከ50 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ነው። ከሳጥኑ ውስጥ ለዚሁ የሚሆን ማራቂያ ፕላስቲክ አብሮ ይመጣል፤ ሳይጠቀሙበት መነጽር በመነጽር ላይ ካደረጉ ሁለቱም ይፋቃሉ። ሹሩባ የተሠራች ሴት ማሰሪያውን ከኋላ ከጉንጉኑ በታች አውርዳ ካላሰረችው ዕቃው ይንሸራተታል። ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው፤ ያ ሁሉ ከፊት ስለሚንጠለጠል ግንባርና ጉንጭን ይጫናል፣ ከሳጥኑ ጋር የሚመጣው ጨርቅ ማሰሪያም ለረጅም ጊዜ አይመችም።

የልጆች ነገር ብዙ ወላጅ የሚያልፈው ነው። ሜታ ዕቃውን የሚፈቅደው ከ10 ዓመት ጀምሮ ሲሆን፣ ከ10 እስከ 12 ያሉት በወላጅ በሚመራ አካውንት ነው፤ አፕል ደግሞ 13 ይላል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር ማጥለቅ የለበትም። አምራቹ ከየ30 ደቂቃው በኋላ የ10 ወይም የ15 ደቂቃ ዕረፍት ይመክራል። ዓይኑ የቀላ ወይም ፈሳሽ ያለው ሰው ደግሞ እስኪድን አይንካው፤ ትራኮማን ጨምሮ የዓይን ተላላፊ በሽታዎች የሚጋቡት በእጅና ፊት በሚነካ ጨርቅ በኩል ስለሆነ፣ ለክልላችን ይህ ቀላል ማሳሰቢያ አይደለም። ፊት የሚያርፍበትን ክፍል በየሰው መጥረግ ነው። ሌንሱን ግን በደረቅ የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ ብቻ፤ አልኮል ሽፋኑን ያበላሸዋል።

ኢንተርኔት ወይም መብራት ሲጠፋስ?

መብራት መጥፋቱ ያን ያህል አያሳስብም። ባትሪው ከ2 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ይይዛል፤ በፓወር ባንክ እየሞላም ይሠራል። በእጅ የሚያዙት የኩዌስት ኮንትሮለሮች የሚሠሩት እያንዳንዳቸው በአንድ ቀጭን ባትሪ ድንጋይ ነው፤ ይህ ከየትኛውም ሱቅ ይገኛል።

ኢንተርኔቱ ነው ጣጣው። ኩዌስት ከሳጥኑ እንደወጣ አይሠራም። በስልክ ላይ የሜታን መተግበሪያ መጫን፣ አካውንት መክፈት፣ መነጽሩን ከዋይፋይ ጋር ማገናኘትና ዝማኔውን ማውረድ ግዴታ ነው። ዝማኔው ከ1 ጊጋ ባይት ሊበልጥ ይችላል፤ ከባዱ ጨዋታ ደግሞ ብቻውን ከ10 ጊጋ በላይ ይሆናል። የቤት ዋይፋይ ከሌለ የስልክ ሆትስፖት ይሠራል፤ ፓኬጁ ግን ሳያስቡት ያልቃል። ከወረደ በኋላ ለአንድ ሰው የተሠሩ ብዙ ጨዋታዎች ያለ ኢንተርኔት ይከፈታሉ፤ ቪዲዮ በቀጥታ ማየትና ከሌላ ሰው ጋር መጫወት አይቻልም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር የምናስታውስ ሰዎች ይህን እንደ ዋና መመዘኛ ብንወስደው አይፈረድብንም። የሚመጣው ዘመድ ዕቃውን እዚያው ባለበት አገር አስጀምሮ፣ አዘምኖ፣ ጨዋታዎቹን ጭኖ ቢያመጣ ግማሹ ችግር መንገድ ላይ ይቀራል። ለዚህም አካውንቱ ከመጀመሪያው በቤቱ ሰው ስም ቢከፈት ይሻላል፤ የተገዛው ጨዋታ ሁሉ የሚታሰረው ከአካውንቱ ጋር ነውና። ኩዌስት ሜሞሪ ካርድ ስለማይቀበል፣ 128 ጊጋ ከተገዛ 128 ሆኖ ይቀራል።

ስለ ቪዲዮ አንድ የሚያሳዝን ነገር ልንገራችሁ። «360» የሚባሉት፣ ዙሪያውን የሚታዩት ቪዲዮዎች፣ ፎርኬ ተብለው እንኳ ብዥ ይላሉ። ምክንያቱ ሒሳብ ነው፦ ፎርኬ ማለት ወደ ጎን 3,840 ነጥብ ማለት ነው፤ እነዚህ ነጥቦች የተዘረጉት በሙሉው ዙሪያ ላይ ነው፤ እኛ በአንድ ጊዜ የምናየው የዙሪያውን ሩብ ያህል ስለሆነ የሚደርሰን ወደ 1,000 ነጥብ ብቻ ነው። ጥርት ያለውን ለማየት ከዚያ የበለጠ ጥራት፣ ስለዚህም የበለጠ ዳታ ያስፈልጋል። መነጽሩ ተበላሸ ብለው አይናደዱ።

ዋጋው ስንት ያህል ነው?

ሲወጡ የነበረው ዋጋ ኩዌስት 3 በ499 ዶላር፣ ኩዌስት 3ኤስ በ299 ዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሬው በገበያ ስለሚወሰን በብር የምጽፈው ቁጥር ሳይነበብ ያረጃል፤ በዕለቱ ምንዛሬ ያስሉት። ጨዋታዎቹ ለየብቻ ይሸጣሉ፤ ብዙዎቹ ከ10 እስከ 40 ዶላር ናቸው፣ ክፍያውም በዓለም አቀፍ ካርድ ነው። እንዲህ ያለ ካርድ የሌለው ቤት፣ ነፃ የሆኑትን ብቻ ይጠቀማል ወይም በየጊዜው ዘመድ ያስቸግራል። ይህ ወጪ ከዕቃው ዋጋ ጋር አብሮ መታሰብ አለበት። ዋስትናውም የተያያዘው ከተሸጠበት አገር ጋር ነው፤ እዚህ ቢበላሽ ተመልሶ መላክ ነው።

ለዚህ ወጪ ምን ይገኛል? ክረምትና ብርድ ከቤት ሲያስቀር ላብ የሚያወጣ ስፖርት፣ ትልቅ ስክሪን ላይ የሚታይ ፊልም፣ በሺህ ኪሎ ሜትሮች ከራቀ ዘመድ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ እንደተቀመጡ ሆኖ መጫወት። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ የሚማር ልጅ ላለው ቤት የሰውን አካል ዙሪያውን ዞሮ የሚያዩባቸው የአናቶሚ መተግበሪያዎች አሉ፤ እኔ ዕቃውን በጣም የምደግፈው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። አማርኛ ግን በኩዌስት የቋንቋ ዝርዝር ውስጥ የለም። እናትና አባት እንዲያዩ ከተፈለገ፣ መነጽሩ የሚያሳየውን ስልክ ላይ እያዩ «እማዬ፣ የቀኙን ጣትዎን ይጫኑ» የሚል ልጅ አጠገባቸው መቆም አለበት።

ያገለገለ ቢሆንስ?

ዋጋው ስለሚቀንስ ብዙ ሰው ወደዚህ ያዘነብላል፤ ጥሩ ዕቃም ይገኛል። ሞዴሉን መጀመሪያ ይጠይቁ። የመጀመሪያው ኩዌስትና በ2018 የወጣው ኦኩለስ ጎ በርካሽ ቢቀርቡም አይውሰዱ፤ ሜታ ትቷቸዋል፣ አዳዲስ መተግበሪያም አይሠራባቸውም። ኩዌስት 2 ከሆነ ፊት ላይ የሚያርፈውን ስፖንጅ ይዩ። የቀድሞው ስፖንጅ የአንዳንድ ሰዎችን ቆዳ ስላሳከከ ኩባንያው በ2021 አሜሪካ ውስጥ ብቻ ለ4 ሚሊዮን ያህል ዕቃዎች የሲሊኮን ሽፋን በነፃ ለመስጠት ተገዷል፤ ሽፋን ከሌለው ይግዙለት።

ከዚያ በሻጩ ፊት ያስበሩት። የቀድሞው ባለቤት አካውንት ወጥቶ፣ ዕቃው እንደ አዲስ ተጀምሮ፣ በእርስዎ አካውንት እስኪገባ ድረስ ገንዘብ አይስጡ፤ ለዚህ የሚበቃ ዳታ ያለው ስልክ ይዘው ይሂዱ። ኮንትሮለሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ማንም ሳይነካው ምስሉ ወደ አንድ ጎን የሚንሸራተት ከሆነ የአውራ ጣቱ ዘንግ አልቋል። ከፊት ያሉትን ካሜራዎች ጭረት እንዳለባቸው ይዩ። በመጨረሻም ነጭ ገጽ ያስከፍቱና ያጥልቁት፤ አንገትዎን ሳያዞሩ በዓይንዎ ብቻ ከዳር እስከ ዳር በቀስታ ይቃኙ። ፀሐይ ያገኘው ስክሪን ቢጫ ወይም ጥቁር ነጥብ ወይም የትል መንገድ የመሰለ ጭረት ያሳያል። ሻጩ «ቆሻሻ ነው፣ ይጠረጋል» ካለ በደረቅ ጨርቅ ይጥረገው፤ ካልጠፋ ነጥቡ ያለው ከሌንሱ በስተኋላ ነው፣ አይግዙት።